ኑርሁሴን አልተወኝም

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለሜ ለከድጃ
ኮምቦልቻ

እታለም፣ አሰላሙ ዓለይኩም። አንቺ፣ ልጆቹ፣ ወንድማችን ሰልማንም እንዴት ከረማችሁ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ያ የያዘኝ ጉንፋንም ለቆኛል፣ ብርዱም ለቆናል። ትናንት ካፖርቶቹን አጥቤ ሰቀልኩ።

በወረቀት መጻፌን አይተሽ አትደንግጪ፤ የሞተ ሰው የለም። በቴሌግራም የምልክልሽን ልጆቹ ካንቺ ቀድመው ያነቡታል፤ አንቺ መነጽርሽን ስትፈልጊ ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቶ ይጨርሳል። ይኼን ግን ብቻሽን እንድታነቢው ፈልጌ ለአረፋ አገር ቤት ለሚገባው ለአንዋር በእጁ ሰጠሁት። አንዋር እዚህ የጭነት መኪና የሚነዳ የደሴ ልጅ ነው፤ የታመነ ነው። በሩን ዘጋ አድርጊና ተቀምጠሽ አንብቢው።

ባለፈው የላክሽልኝን መልእክት ደጋግሜ አነበብኩት። "ጆሮዋ ባይሰማ ናቃት፣ ቤቷ ድረስ ሄዶ አይቷት ተዋት" ብለሽ አልቅሰሻል። ሰልማንም የኑርሁሴንን አጎት መስጊድ በር ላይ አግኝቶ ሰላምታ እንደነሳቸው፣ ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ቤተሰብ በለቅሶም በሠርግም መጠራራት እንደተወ ነግረሽኛል። እኔ ይኼን ካነበብኩ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

እታለም፣ ኑርሁሴን አልናቀኝም። አልተወኝምም። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ እኔን ለመሸፈን ብሎ በራሱ ላይ ወሰደው። በእኔ የተነሳ የደግ ሰው ስም አገር ቤት ድረስ ሲቆሽሽ ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም። ስለዚህ የሆነውን ከነምክንያቱ ልንገርሽ። ምክንያቱ ትንሽ ረዘም ይላል፤ የሚጀምረውም ከሀኒ ነው።

ሀኒን በቪዲዮ አይተሻታል። እኔና አንቺ ስንተያይ ከኋላዬ በዊልቸር እያለፈች እጇን የምታወዛውዝልሽ፣ አንቺም ሁልጊዜ "ያቺ ደባልሽ ደህና ናት?" ብለሽ የምትጠይቂላት። የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ክርስቲያን ናት። ገና በልጅነቷ ፖሊዮ እግሮቿን ያዛት።

የተገናኘነው ኒው አልባኒ፣ የምንሠራበት የዕቃ መጋዘን፣ ዌርሃውስ ውስጥ ነው። እኔ ካርቶን አሽጋለሁ፤ እሷ ደንበኛ የመለሰውን ዕቃ ኮምፒውተር ላይ ትመዘግባለች። ሰላም እንኳ ተባብለን አናውቅም ነበር። አንድ ቀን የእሳት ደወል ጮኸና ሰው ሁሉ ወጣ። እኔ በሁለት መደርደሪያዎች መካከል አጎንብሼ ቴፕ እለጥፋለሁ። ማንም አልነገረኝም፤ ክፉዎች ሆነው አይደለም፣ እንደማልሰማ ረስተውት ነው። ድንገት እግሬ ላይ ከባድ ነገር ወጣብኝ። ዞር ስል የዊልቸር ጎማ ነው። ላዩ ላይ አንዲት ጠይም ሴት ላቧ በግንባሯ እየወረደ እጇን ወደ በሩ ትወረውራለች። "ትከሻሽን ልነካሽ ብዬ አልደርስልሽ አልኩ፤ ታዲያ ምን ላድርግ?" አለችኝ በኋላ። እሳት አልነበረም፤ ልምምድ ነው። እሷ ግን ያንን አላወቀችም። በሩ ጋ ከደረሰች በኋላ እኔን ከሰዉ መካከል ስታጣኝ ነው የተመለሰችው። እስቲ አስቢው፤ መሮጥ የማትችል ሴት እሳት አለ ብላ ወደ ውስጥ ተመልሳ መጣችልኝ።

ከዚያ በኋላ የምልክት ቋንቋ ተማረች። ማንም ተማሪ አላላትም። ከሥራ ስትወጣ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፣ ቅዳሜ እኔ ላይ ትለማመዳለች። ማጅራት ገትሩ ጆሮዬን የወሰደው ጊዜ ትዝ ይልሻል? ሰው ሁሉ እሰማ ይመስል ይጮህብኝ ነበር። አንቺ ብቻ ነሽ በእጅሽ ማውራት የጀመርሽው። ለአባባ ጢሙን፣ ለሰልማን የተነቀለ ጥርሱን፣ ለዝናብ ጣሪያውን። እናታችን፣ አላህ ይርሐማትና፣ ስትሞት ያንን መርዶ እንኳ የነገርሽኝ በእጅሽ ነው። ያንቺን ምልክቶች ለሀኒም አስተምሬያታለሁ። ዛሬም ድረስ እዚህ ቤት ስለ ሰልማን ሲወራ የፊት ጥርሳችንን ነው የምንነካው።

መኪናዋን የምትነዳው በእጇ ብቻ ነው፤ ነዳጁም ፍሬኑም ከመሪው አጠገብ ባለች ዘንግ ነው። እጇ ሥራ ስለያዘ መንገድ ላይ አናወራም። የምናወራው መብራት ሲቀላ ነው። ሰው ሁሉ በቀይ መብራት ይበሳጫል፤ እኛ ሃይ ስትሪት ላይ ቀይ ሲይዘን ደስ ይለናል። ወሬው ሳያልቅ አረንጓዴ ይበራል፣ ከኋላ ያለው ክላክስ ያደርጋል፣ እኔ አልሰማም፣ እሷ ትስቃለች፣ የቀረውን ለሚቀጥለው መብራት እናሳድረዋለን።

ዘንድሮ ደግሞ ረመዳንና ሁዳዴ ገጠሙ። እኔ ቀኑን ጾሜ ውዬ ሳፈጥር እሷም ከጾም ምግብ ሌላ አትቀምስም፤ ስለዚህ የምስር ሳምቡሳ ጠብሰን አንድ ትሪ ላይ በላን። በሌላ ጊዜም ሥጋ ወደ ቤታችን አይገባም። በሥጋ ከምንለያይ ብለን ዓሣና አትክልት ላይ ተስማምተናል። አንቺ ዓሣ እንደማትወጂ አውቃለሁ፤ ላንቺ ዶሮ ከሐላል ሱቅ ይመጣል፣ አታስቢ።

እንግዲህ ኑርሁሴን ወደመጣበት ቀን ልምጣልሽ።

እትዬ ሞሚና የሚባሉ የወሎ ሴትዮ አሉ። እዚህ ሰው ሲታመምም ሲጋባም ከቦታው የማይጠፉ ናቸው። ኑርሁሴንን ይዘው የመጡት እሳቸው ናቸው። እንደምታውቂው ሚስቱ ከሞተችበት ቆይቷል፤ ሉዊስ ሴንተር የሚባል ሰፈር ቤት ገዝቶ ከሴት ልጁ ጋር ይኖራል። አንቺም "ከኢድ በኋላ ሰዎች ይመጣሉ፣ በክብር ተቀበያቸው" ብለሽ ቴክስት አድርገሽልኛል። ለምን እንደሚመጡ አልገባኝም ነበር ብዬ አልዋሽሽም። ገብቶኛል። ለሀኒም ነገርኳት።

"ቤት ልሁን ወይስ ልውጣ?" አለችኝ።

"ከወጣሽ ማን ያስተረጉምልኛል?" አልኳት። ምን እንደጠየቅኳት የገባኝ ካልኩት በኋላ ነው። እሷ ግን "እሺ" ብላ ፀጉሯን ልትሠራ ሄደች።

እሑድ ከሰዓት መጡ። ኑርሁሴን ግራጫ ኮት ለብሷል፣ ተምር በሳጥን ይዟል። ጫማውን በር ላይ አውልቆ የሀኒን ዊልቸር መንገድ እንዳይዘጋ ብሎ ጥግ አስጠጋው። ይኼን አይቻለሁ። እትዬ ሞሚና ወዲያው ጀመሩ። እሳቸው በአማርኛ ይናገራሉ፤ ሀኒ እየተቀበለች በእጇ ትነግረኛለች።

"ኑርሁሴን አይጠጣም፣ አይቆጣም፣ ሶላቱን አያሳልፍም" አሉ። የሀኒ እጅ ይኼንኑ አለኝ።

"ቤቱ ሰፊ ነው። ልጁም ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች፣ አታስቸግርሽም" አሉ። ይኼንንም ነገረችኝ።

"አንቺም ዕድሜሽ እየሄደ ነው፤ ጆሮሽም እንደምታውቂው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሁለተኛ አይመጣልሽም።" እዚህ ላይ ሀኒ ቀና ብላ አየችኝ። ቀንሳ ትነግረኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አልቀነሰችም። ቀጥሎ እትዬ ሞሚና ወደ ራሷ ወደ ሀኒ ዞሩና "የኔ ልጅ፣ ላንቺም እናስብልሻለን። ሁለት አካል ጉዳተኛ አንድ ላይ ሆኖ ማን ማንን ይደግፋል?" አሏት። በራሷ ላይ የተባለውንም ራሷ ተረጎመችልኝ፤ ፊቷን ሳታጠቁር።

ኑርሁሴን ሴትዮዋን በእጁ ምልክት ሰጥቶ ዝም አሰኛቸውና ወደ እኔ ዞረ። ሌላ ሰው ቢሆን ሀኒን እያየ "እንዲህ በያት" ይል ነበር። እሱ ዓይኔን እያየ ነው የተናገረው። "ፈርዶሳ፣ ላገባሽ እፈልጋለሁ። ካልፈለግሽም አልቀየምሽም" አለ።

የተርጓሚ ደንብ አለ፤ ሰውዬው "እኔ" ሲል ተርጓሚውም "እኔ" ይላል። ስለዚህ "ላገባሽ እፈልጋለሁ" ያለኝ የሀኒ እጅ ነው። የጋብቻ ምልክቱ ሁለቱ እጆች ተገናኝተው ሲጨባበጡ ነው። የእሷ እጆች ተገናኙና ሳይላቀቁ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ "ካልፈለግሽም አልቀየምሽም" የሚለውን ጨረሰችልኝና መልሴን ለመቀበል ጠበቀች።

ይኼን መስመር ጽፌ ብዕሩን አስቀምጬ ነበር። አሁን እቀጥላለሁ።

ድምፄን ታውቂዋለሽ። ከታመምኩ ወዲህ ወይ ይጮሃል ወይ ይሰጥማል ይሉኛል። ዌርሃውስ ውስጥ አንዴ ተናግሬ ሲሳሳቁ ካየሁ በኋላ ሰው ፊት አውጥቼው አላውቅም። ግን ያንን መልስ በሀኒ አፍ መናገር ግፍ መሰለኝ። እጇን ያዝኩትና ራሴ ተናገርኩ።

"ጋሼ ኑርሁሴን፣ አክብረኸኝ መጥተሃል፤ አላህ ያክብርህ። እኔ ግን ቤት አለኝ" አልኩት።

"የኪራይ ቤት ምን ቤት ነው?" አሉ እትዬ ሞሚና። ይኼን ከከንፈራቸው አነበብኩት።

ኑርሁሴን አልሳቀም። አየኝ። ቀስ ብሎ ሀኒን አየ። እጇ እጄ ውስጥ እንዳለ ነበር፤ ልለቀው አላሰብኩም፣ ልለቀው ብልም እጄ እሺ የሚለኝ አይመስለኝም። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ ሀኒ በአንድ እጇ ተረጎመችልኝ።

"ቤቱ ሰላም አለው?"

"አለው" አልኩት።

"እንግዲያው አላህ ያጽናልሽ" አለና ተነሳ።

በር ላይ እትዬ ሞሚና ወደ መኪናው ቀድመው ሲሄዱ ከንፈሩን እንዳይ ብሎ ፊት ለፊቴ ቆመ። "የተውኩት እኔ ነኝ እላቸዋለሁ። ለምን እምቢ አለች ብሎ አንቺን የሚመረምር አይኖርም" አለኝ። የዚያን ሰዓት ጭንቅላቴን ከመነቅነቅ ሌላ አቅም አልነበረኝም። ወሬው ኮምቦልቻ ደርሶ በእሱ ላይ ይዞራል ብዬ አልጠረጠርኩም።

እነሱ ከሄዱ በኋላ ሀኒ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከታ ተቀመጠች። ለእኛ ያ ዝምታ ነው። ሳህኖቹን አጠብኩ፣ ተምሩን ቁም ሳጥን ውስጥ አስገባሁ፣ ተመልሼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ እጆቿን አወጣች።

"ሁሉንም ልክ ልኩን ነገርኩሽ?" አለችኝ።

"ልክ ልኩን። እንዲያውም አበዛሽው። ለምን ትንሽ እንኳ አልቀነስሽም?"

"ብትሄጂ ብዬ ነው" አለች። "ብትሄጂ ሙሉውን ሰምተሽ እንድትሄጂ። ብትቀሪም ሙሉውን ሰምተሽ እንድትቀሪ።"

እታለም፣ እኔን እንዲህ አድርጎ የሚያከብረኝ ሰው ካንቺ ሌላ አላውቅም ነበር።

ከዚያ የመጣው ደግሞ አለ። እትዬ ሞሚና ኑርሁሴን የነገራቸውን አላመኑም መሰለኝ፤ ወይም ቆይተው ያዩትን አሰቡት። የሀኒ ሺፍት ስለተለወጠ ወደ ሥራ የምሄደው ሀዋ ከምትባል የአገራችን ልጅ ጋር ነበር። አንድ ሰኞ ሳትመጣ ቀረች። "መኪናው ሞልቷል" ብላ ቴክስት አደረገችልኝ። ሴቶቹ ሲሰበሰቡም መጥራት ተዉኝ። ክፉ የተናገረኝ የለም። ቢናገሩም አልሰማ። ግን እንደምታውቂኝ ፊት ማንበብ እችላለሁ።

ያን ሰሞን ሰብስበው የያዙን ጋሼ አንድርያስና ጋሼ አምሃ ናቸው። ስለ እነሱ ጽፌልሽ አላውቅም። ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ከእኛ ቤት ትንሽ ዝቅ ብሎ እዚሁ ክሊንተንቪል ይኖራሉ። ከጉብዝናቸው ጀምሮ አንድ ቤት ናቸው፤ አንዱ ሲያስል ሌላው ውሃ ይዞ ይነሳል። ጋሼ አንድርያስ ስኳር ዓይናቸውን ወስዶባቸዋል። ጋሼ አምሃ የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ፤ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። የቤታችንን የእንጨት መወጣጫ ለሀኒ ዊልቸር የሠሩት እሳቸው ናቸው። ሀዋ የቀረች ዕለት ሀኒ ደወለችላቸው፤ ሻዬን ሳልጨርስ ኮፍያቸውን አድርገው በር ላይ ቆሙ። እስካሁን የሚያደርሱኝ እሳቸው ናቸው። ቤንዚን ልሙላ ስላቸው ይቆጣሉ።

ቅዳሜ ቅዳሜ የእነሱ ቤት ሰው ይሞላል። ሐበሻውም፣ ሶማሌውም፣ አሜሪካዊውም አለ። በክራንች የሚመጣ አለ፣ በውሻ እየተመራ የሚመጣ አለ፣ በእጁ የሚያወራ አለ። ሰዎች ያልለመዱት የአንዳንዱን አካል ነው፤ የአንዳንዱን ልብ ነው፤ የአንዳንዱን ደግሞ ሁለቱንም። የትኛው የትኛው እንደሆነ ግን እዚያ ቤት የሚጠይቅ የለም። ጥያቄው "በላህ ወይ፣ በላሽ ወይ" ብቻ ነው።

እኔና ጋሼ አንድርያስ እንዴት እንደምናወራ ብታይ ትስቂያለሽ። እሳቸው እጄን አያዩም፣ እኔ ድምፃቸውን አልሰማም። ሰው መካከላችን ከሌለ መዳፌን ይዘው ፊደል በጣታቸው ይጽፉበታል። አማርኛ ለዚህ ይመቻል፤ አንዷ ፊደል ብዙ ትሸከማለች። የሴቶቹ ነገር ያቃጠለኝ ቅዳሜ ጥግ ይዤ ተቀምጬ ስንሰቀሰቅ በወንበሩ እየተደገፉ መጡና እጄን ፈልገው ያዙት። ሌላው ሁሉ አይዞሽ፣ አታልቅሺ ብሎኝ ነበር። እሳቸው "አልቅሺ" ብለው ጻፉ። ትንሽ ጠበቁና "ከዚያ ብዪ። አምሃ ዓሣ ጠብሷል" ጨመሩበት። አልቅሼ በላሁ።

ኑርሁሴንንም ባለፈው ሳምንት ሞርስ ሮድ ባለው የሐላል ሱቅ አገኘሁት። ከልጁ ጋር ነበር። ልጁ "ሃይ" ብላ ወደ ስልኳ ተመለሰች። እሱ ዘምቢሉን መሬት አስቀመጠና በእጁ "ሰላም ነሽ?" አለኝ። ከኢንተርኔት ላይ ተምሮት ነው፤ ጣቶቹ ትንሽ ይደናቀፋሉ። ቀጥሎ "ቤት ደህና ነው?" አለኝ፤ ባለትዳር ሴት እንደሚጠየቀው። "ደህና ነው" አልኩት። የእንዲህ ያለ ሰው ዘመዶች ናቸው በእኔ ምክንያት ሰላምታ የሚከለከሉት።

ስለዚህ እታለም፣ ሰልማን ሄዶ አጎትየውን ይቅርታ ይጠይቃቸው። ከአረፋ በፊት ቢሆን ደስ ይለኛል፤ በበዓል ሰው ተኳርፎ አይዋል። ለምን ካሉት "እምቢ ያለችው እህቴ ናት" ይበል፤ ለእነሱ ይኼ ይበቃቸዋል። ላንቺ ግን ከዚያ በላይ ነግሬሻለሁ። ምን ያህል እንደነገርኩሽ አንቺ ታውቂያለሽ። ከልጅነቴ ጀምሮ ግማሹን ሳሳይሽ ሙሉውን የምትረጂ አንቺ ነሽ።

ልትቆጪኝ ትችያለሽ። ተቆጪኝ፤ ጽፈሽ ተቆጪኝ። ወረቀቱን አጥፈሽ ዝም እንዳትይኝ ብቻ። ዝምታ የለመድኩ ይመስልሻል፤ ያንቺን ግን አልለመድኩትም።

አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው። ጉልበትሽን አያድክመው፤ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። እኔን ያናገሩኝን እጆችሽን ክፉ አይንካቸው። ዱዓ ስታደርጊ እኔን አትዝለይኝ፤ ከቻልሽም ሀኒን ጨምሪልኝ።

መንገዱ ተከፍቶልሽ ብትመጪ፣ ቤታችን ሁለት መኝታ ክፍል አለው። ጧት ፀሐይ የሚገባበት ያንቺ ነው። አልጋውን አንጥፌዋለሁ፣ መስገጃ ዘርግቼበታለሁ፤ ቂብላው በየት በኩል እንደሆነ ሀኒ በስልኳ ፈልጋ ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጋልሻለች። ሌላው ክፍል የእኛ ነው።

ታናሽሽ
ፈርዶሳ